1 ልኬ 16,777,216 ደረሰኝ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ሰበታ ወፍጮ ቤት አለን። የሞተሩን ንዝረት የሚለካ ሴንሰር ገጥሜያለሁ። በሲ ፕላስ ፕላስ የጻፍኩት ፕሮግራም በሰከንድ 12,000 ቁጥር ያነባል። ያንን በቤዝ64 (ባይትን ወደ ፊደል በሚለውጥ ዘዴ) ቀይሬ፣ ጄሶን (በጽሑፍ የሚቀመጥ የመረጃ ቅርጽ) ውስጥ ከትቼ ለፓይተን እልካለሁ። ላፕቶፑ ይግላል፣ ግራፉም ወደኋላ ይቀራል። በጃቫ ስሞክረው ደግሞ ጭራሽ የማይሆን ቁጥር ያወጣል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ላፕቶፑን አትማው። ሸክሙን ያበዛኸው አንተ ነህ። ቁጥሮችህ ባለ 4 ባይት ፍሎት (ነጥብ ያለው ቁጥር) ከሆኑ በሰከንድ 48,000 ባይት ብቻ ነው። ይሄ ምንም አይደለም። ቤዝ64 ግን 3ቱን ባይት 4 ፊደል ስለሚያደርግ 64,000 ይሆንብሃል። እሱስ ይሁን። የሚያደክመው ምልልሱ ነው፦ ባይቱ ወደ ጽሑፍ፣ ጽሑፉ ወደ ጄሶን፣ እዚያ ማዶ እንደገና ወደ ባይት፣ በመጨረሻም ወደ ፓይተን ሊስት (ዝርዝር)። ሊስቱ ውስጥ አንዷ ፍሎት ብቻዋን 24 ባይት ትይዛለች፤ አድራሻዋ ደግሞ ሌላ 8። የወፍጮ ቤት ልጅ ሆነህ ጤፍ በፍሬ ትቆጥራለህ እንዴ?

ባይቱን እንዳለ በሶኬት (ሁለት ፕሮግራሞችን በሚያገናኝ መስመር) ላከው። ፓይተን በኩል ነምፓይ ከሚባለው የቁጥር መሣሪያ ፍሮምበፈር የሚለውን ትእዛዝ ተጠቀም። የመጣውን ባይት ኮፒ ሳያደርግ፣ እዚያው ባለበት እንደ ቁጥር ያነበዋል። ብቻ ቲሲፒ (ሶኬቱ ዳታ የሚያመላልስበት ደንብ) የላክኸውን ቆራርጦ ሊያመጣው ይችላል። ስለዚህ ስንት ባይት እንደሚከተል የሚናገር ቁጥር ከፊት አስቀድም፤ ያ እስኪሞላ ጠብቅ።

የጃቫው ነገር እኔንም አቃጥሎኛል። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ መብራት ጠፍቷል፣ የላፕቶፔ ባትሪ 18 በመቶ ላይ ነው። 1 እልካለሁ፣ 16,777,216 ይመጣል። ኬብል ቀየርኩ፣ ኮዱን እንደ አዲስ ጻፍኩ፣ ወይ ፍንክች! ለካ የኢንቴል ፕሮሰሰር ታናሹን ባይት (የቁጥሩን ትንሹን ክፍል የያዘውን) ያስቀድማል፤ ባይት የሚያነበው የጃቫ ባይትበፈር ደግሞ ካልነገሩት በቀር ታላቁ ቀድሞ የመጣ ይመስለዋል። ጠዋት በ2 ሰዓት እንገናኝ ስትለው ከምሳ በኋላ እንደሚመጣ ፈረንጅ ማለት ነው። ኦርደር በሚለው ትእዛዝ ሊትል ኤንዲያን (ታናሹ ይቅደም) በለው፤ አለቀ።

ወደፊት የልኬቱን ሰዓት ልጨምር ካልክ ደግሞ የሲ ፕላስ ፕላሱን ስትራክት (የተለያዩ ቁጥሮች አብረው የሚታሰሩበትን) እንዳለ አትላክ። ባለ 4 ባይት ቁጥርና ባለ 8 ባይት ሰዓት ሲደመሩ 12 ናቸው። በ64 ቢት ማሽን ላይ ግን ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይረው ኮምፓይለር ብዙ ጊዜ መሃላቸው 4 ባዶ ባይት ሰክቶ 16 ያደርጋቸዋል። እያንዳንዱን ለየብቻ ጻፈው።

ጄሶኑንም ጨርሰህ አትጣለው። የሴንሰሩን ስምና በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚለካ መጀመሪያ ላይ አንዴ በእሱ ላክ።