እናቴን «ለሕክምና ነው» ብዬ ላምጣት?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። የምኖረው ጅማ ነው። እናቴ ደብረ ብርሃን አካባቢ ገጠር ውስጥ ብቻዋን ናት፤ 78 ዓመቷ ነው። ባለፈው ክረምት ምድጃው አጠገብ ወድቃ እስኪነጋ ያነሣት ሰው አልነበረም። «ወደ እኛ ነይ» ስንላት «የአባታችሁን መቃብር ትቼ የት እሄዳለሁ?» ትላለች። ወንድሜ «ለዓይን ሕክምና ነው ብለን እናምጣት፤ ከመጣች በኋላ ትለምዳለች» ይላል። እንዲህ ብናደርግ ኃጢአት ይሆንብናል? ከደብሯ መለየታችንስ በደል አይደለም?

መልስ፦ እኅቴ፣ አስቀድሜ የወንድምሽን ሐሳብ ላንሣ፤ አታድርጉት። ክፋት እንደሌለበት አውቃለሁ፤ ጨንቆት የተናገረው ነው። ነገር ግን ያዕቆብን አስቢ። ልጆቹ በፍየል ደም የተነከረ ቀሚስ አሳይተው አታለሉት። ከብዙ ዓመት በኋላ «ዮሴፍ በሕይወት አለ» ብለው እውነቱን ሲነግሩት ልቡ ደነዘዘ እንጂ አላመናቸውም። መንፈሱ የታደሰው ዮሴፍ የላከለትን ሰረገላ በዓይኑ ባየ ጊዜ ነው (ዘፍ. 45፥26-27)። እናትሽም ለዓይናቸው መጥተው ከወር በኋላ ላሚቱ መሸጧን ቢሰሙ፣ ከዚያ ወዲያ የምታቀርቢላቸውን መድኃኒት እንኳ በጥርጣሬ ነው የሚውጡት።

ከደብር መለየቱ ግን በራሱ በደል አይደለም። ያዕቆብ አገሩን ለቅቆ ግብፅ ሲገባ 130 ዓመቱ ነበር፤ ከልጁ ጋር 17 ዓመት ኖረ። ይሁንና ዝም ብሎ አልተነሣም። ቤርሳቤህ ላይ ቆሞ መሥዋዕት አቀረበ፤ እግዚአብሔርም «መውረድ አትፍራ» አለው። መቼም የማይፈራ ሰው «አትፍራ» አይባልም። እናትሽም ይፈራሉ፤ የመቃብሩ ነገር የፍርሃታቸው ስም ይመስለኛል።

ደግሞ ዮሴፍ አባቱን የት እንዳስቀመጠው ተመልከቺ። ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ሳይሆን በጌሤም ነው፤ ለእርሱ ቅርብ፣ ለከብቶቻቸውም የሚስማማ ምድር። ሽማግሌው የለመደው ሥራ አብሮት ሄደ። ይህን ብዙዎቻችን እንስተዋለን። እዚሁ ጅማ አንድ ልጅ እናቱን ከወሎ አምጥቶ ነበር። ምንጣፍ አነጠፈ፣ ቴሌቪዥን ገዛ፣ ሠራተኛ ቀጠረ። እሳቸው ግን ቀኑን ሙሉ ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረው ይቀመጣሉ። «ምን ጎደለዎት?» ብላቸው «እንዝርቴን እዚያው አስቀሩብኝ» አሉኝ። ልጁ «ነጠላ ተገዝቶልሽ ለምን ትደክሚያለሽ?» ብሎ ነው ያስቀረው። እንዝርቱ መጣ፤ ባዘቶም ተገዛላቸው። እንዝርቱን ጭናቸው ላይ አሹረው ሲለቁት፣ ክሩ ከጣታቸው እየቀጠነ ሲወርድ፣ ያ የደነዘዘ ፊት እንዴት እንደተፈታ! ልቃቂቱ እየሞላ ሲሄድ ለጧፍ የሚሆን ፈትል ለቤተ ክርስቲያን መስጠት ጀመሩ። አሁን ቅዳሴ ሲቀሩ የሚጠይቃቸው ሰው አለ።

ስለዚህ ወንድምሽ እንዲህ ቢላቸው ይሻላል፦ «የጥርን ማርያም በደብርሽ አክብሪና እስከ ፋሲካ እኛ ዘንድ ቆዪ። ቤትሽ አይሸጥም፤ ቁልፉ በእጅሽ ነው። ካልተስማማሽ እኔው እመልስሻለሁ።» ያለውንም ይፈጽም። ጥርን ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ የጅማን ዝናብ ታውቂዋለሽ፣ ከመጋቢት ጀምሮ እየበረታ ይሄዳል፤ ጭቃው ደግሞ አንድ ጊዜ ለወደቀ ሰው አደገኛ ነው። መንገዱ 480 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ አዲስ አበባ ላይ ይደሩ፤ የጊቤን በረሃ በቀትር አያቋርጡ። ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለ ብርድ አገር ነው፤ ጅማ 1,700 ሜትር ገደማ ነው፣ ወባም አለ። ገና ሳይመጡ አጎበር ይሰቀልላቸው።

የመቆየት ሐሳብ ካደረባቸው የንስሐ አባታቸውን በአካል ተሰናብተው ይምጡ፤ ከሰበካ ጉባኤያቸውም መሸኛ ይያዙ። እዚህ አዲስ የንስሐ አባት ሲይዙ ስለ ሕመማቸውና ስለሚወስዱት መድኃኒት ንገሩልኝ፤ በጾም ጉዳይ የሚወስነው እርሱ ነው እንጂ የእናንተ ርኅራኄ ወይም የእሳቸው እልህ አይደለም። የእድራቸውን ወርኃዊ መዋጮ አታቋርጡ። ገንዘቡ ጥቂት ነው፤ ለእሳቸው ግን «ገና የዚያ ሰው ነኝ» ማለት ነው።

ወደ መቃብሩ ልመለስ። ያዕቆብ «በግብፅ አትቅበረኝ» ብሎ ዮሴፍን አስምሎታል፤ ልጆቹም ቃላቸውን ጠብቀው በአባቶቹ መቃብር፣ በመክፌላ ዋሻ ቀበሩት። የትም ብንቀበር ትንሣኤ አይቀርብንም፤ ሆኖም ከባል ጎን ማረፍን መመኘት የእምነት ጉድለት አይደለም። እኅትና ወንድም ተቀምጣችሁ ወጪውን አስሉ። ከቻላችሁ ቃል ግቡላቸው። ካልቻላችሁ አትማሉ፤ ለአረጋዊ የማይፈጸም መሐላ መስጠት ያው የዓይን ሕክምናው ውሸት ነው።

እምቢ ቢሉስ? ቤርዜሊ የ80 ዓመት ሽማግሌ ሳለ ንጉሥ ዳዊት «ከእኔ ጋር በኢየሩሳሌም ተቀመጥ፣ እኔ እመግብሃለሁ» ቢለው፣ በአባቴና በእናቴ መቃብር አጠገብ ልሙት ብሎ ለመነው። ዳዊት ስሞ፣ መርቆ ሸኘው (2ኛ ሳሙ. 19)። ንጉሥ ያልገፋውን ሽማግሌ እናንተ አትግፉ። ያን ጊዜ ግን መንገዱ የእናንተ ይሆናል፦ አብራቸው የምታድር ዘመድ መፈለግ፣ ደመወዟን መክፈል፣ በየተራ መሄድ። ሐዋርያው ልጆች «ለወላጆቻቸው ብድራትን ይመልሱ» ያለው (1ኛ ጢሞ. 5፥4) ወላጅ ወደ ልጁ ሲመጣ ብቻ ነው አላለም።

አእምሯቸው ደክሞ እሳትና ውኃ የማይለዩበት ጊዜ ከመጣ ሌላ ነው። ያን ጊዜ መወሰኑ የልጆች ሸክም ነው፤ ሲራክም አእምሮው የጎደለውን ወላጅ እንድንታገሥ እንጂ እንድንተወው አላዘዘም። ከጥያቄሽ እንደተረዳሁት ግን እናትሽ ገና እዚያ አልደረሱም።

ይህን ንግግር በስልክ አትጀምሩት። አንዳችሁ ሂዱ፤ ስትሄዱም የጅማ ቡና ይዛችሁ ሂዱ፣ እሳቸው ራሳቸው ቆልተው ያፍሉት። ጉዳዩን ከሦስተኛው ስኒ በፊት አታንሡት።