ሪባኑ ሳይቆረጥ ጠይቁ

ለሠራተኛ መብት እንሠራለን ብላችሁ ለተነሣችሁ ልጆቼ፣

ዕድሜዬን ያሳለፍኩት አሜሪካ ውስጥ ከሆቴልና ከካዚኖ (ከቁማር ቤት) ሠራተኞች ማኅበራት ጋር ነው። ከተማ መሃል ካዚኖ ሊሠራ ሲታሰብ ሕዝብ የሚሰማበት አዳራሽ ጢም ይላል። የግንባታ ሠራተኞች ማኅበራት «ይሠራ!» ይላሉ። አይፈረድባቸውም፣ የልጆቻቸው ጉሮሮ ነው። ግን የእነሱ ሥራ ሕንጻው ሲያልቅ አብሮ ያልቃል። ካርታ የምታድለው፣ አልጋ የምታነጥፈው፣ ሳህን የሚያጥበው ገና አልተቀጠሩም። አዳራሹ ውስጥ የሉም። ስለ እነሱ የምትናገሩት እናንተ ናችሁ።

ባለሀብት ደጅ የሚጠናው ፈቃዱ እጁ እስኪገባ ነው። የኢንዱስትሪ ሰላም ስምምነት ማስፈረም ያለባችሁም ያኔ ነው። በዚህ ስምምነት አሠሪው ሠራተኛው ሲደራጅ እንቅፋት አይሆንም፤ ማኅበሩም በዚያ ጊዜ አድማ አይጠራም። ይህ ካመለጠ ትግሉ መራራ ነው። ላስ ቬጋስ ውስጥ 550 ያህል የፍሮንቲየር ሆቴል ሠራተኞች እ.ኤ.አ. በ1991 አድማ መቱ። ያበቃው በ1998 ነው። ከስድስት ዓመት በላይ! ከመካከላቸው አንድም ሰው አድማውን ጥሶ አልገባም። ዛሬም ሳስበው እንባዬ ይመጣል።

ከተማውም ገለልተኛ ዳኛ አይደለም። ዲትሮይት ከሦስት ካዚኖዎቿ ግብር ትሰበስባለች። እ.ኤ.አ. በ2023 ወደ 3,700 የሚጠጉ ሠራተኞች ሲያድሙ የከተማዋም ገቢ አብሮ ተነካ። ከንቲባና ምክር ቤት ሲናገሩ ይህን እያሰባችሁ ስሙ።

የኒው ጀርዚ ግዛት መራጮች እ.ኤ.አ. በ1976 ለአትላንቲክ ሲቲ ካዚኖ የፈቀዱት ከተማዋን ያነሣታል ብለው ነበር። ብዙ ሥራ ተፈጠረ፣ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ግን በአንድ ዓመት አራት ካዚኖዎች ተዘጉ። በሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች ሜዳ ላይ ቀሩ። ማኅበሩ ከአሠሪው ጋር የሚፈርመው ጥሩ የኅብረት ስምምነት ደመወዝና ሕክምና ያስከብራል፤ በር ሲዘጋ ግን አያስከፍትም። ስለዚህ ከተማው ከካዚኖው ሌላ ምን እንዳሰበ ጠይቁ።

አንድ ነገር ይቆጨኛል። በአንድ ስብሰባ ላይ አንዲት የሰፈሩ እናት «ልጄ ደመወዙን እዚያው በቁማር ቢጨርስስ?» አሉኝ። እኔ ስለ ሥራው ብዛት አወራሁላቸው። የጠየቁኝ እሱን አልነበረም። አንገታቸውን ደፍተው ተቀመጡ። ዛሬ ቢሆን አጠገባቸው ቁጭ ብዬ እሰማቸው ነበር፤ ጥያቄያቸውንም ከደመወዙ ጥያቄ ጋር ይዤ ድርድር እገባ ነበር።