ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ «ጊዜ አልበቃኝም፤ እንቅልፌን ብቀንስስ?»

«ዶክተር፣ እንደምን ሰነበቱ። የምኖረው ጅማ ነው፤ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። የምማረው የጠዋት ፈረቃ ነው። እናቴ ጀበና ቡና ስለምትሸጥ ከ9 እስከ 12 ሰዓት አግዛታለሁ፤ ሐሙስ ገበያ ስለሆነ ይመሽብናል። ቤት ስገባ እራት አለ፣ ዕቃ ማጠብ አለ፣ ለነገ ውሃ መቅዳት አለ። ታናሽ ወንድሜ 9ኛ ክፍል ነው፤ እሱ ማታ ማታ ኳስ ለማየት ይወጣል። ደብተር የምይዘው ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ነው። እስከ 7 ሰዓት አጠናለሁ፣ 11 ሰዓት ተኩል ተነስቼ ለቁርስ እሳት አያይዛለሁ። እንዳልተኛ ቡና እጠጣለሁ። ግን ክፍል ውስጥ እንቅልፍ ይጥለኛል፣ ራሴን ያመኛል፣ ያነበብኩትም አይያዝልኝም። ጓደኞቼ ጫት ቅመሽ አጥኚ ይሉኛል፤ እስካሁን እምቢ ብያለሁ። የሚመጣው ዓመት ኢንትራንስ አለ። ጊዜዬን እንዴት ላብቃቃው? እንቅልፍ የሚያባርር ኪኒንስ የለም?»

እህቴ፣ መጀመሪያ የኪኒኑን ልመልስልሽ። እንቅልፍን የሚተካ ኪኒን የለም። ንቃት የሚሰጡ መድኃኒቶች አሉ፤ እነሱ ግን ለታወቀ ሕመም ሐኪም አይቶ የሚያዛቸው ናቸው። «ለፈተና ይሆንሻል» ብሎ የሚያቀብልሽ ሰው ካለ እምቢ በዪ። ኢነርጂ እየተባለ በቆርቆሮ የሚሸጠውም ያው ካፌይን ነው፣ ብዙ ጊዜ ከብዙ ስኳር ጋር።

አሁን ሂሳቡን እንሥራው። ከሌሊቱ 7 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ተኩል፣ የምትተኚው 4 ሰዓት ተኩል ነው። ከ13 እስከ 18 ዓመት ላለ ልጅ የሚመከረው ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ነው። ዝቅተኛውን እንኳ ብንይዝ ከሰኞ እስከ ዓርብ ብቻ 17 ሰዓት ተኩል ይጎድልሻል። ታዲያ ክፍል ውስጥ ቢጥልሽ ምን ይገርማል? ማንም ሰነፍ ቢልሽ ልብሽ እንዳይሰበር።

ፍርሃትሽ ይገባኛል። በ2015 ዓ.ም. ጥር ላይ የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲገለጽ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ ትንሽ ተሻሽሏል፣ ግን ያ ድንጋጤ ከየቤቱ አልወጣም። ወላጅም ተማሪም «ሌሊቱን ካላነጋሁት አልፍም» የሚል ነገር ያዘው። እኔ ደግሞ እንደ ሐኪም የምልሽ፣ ሌሊቱን ማንጋት ራሱ ከሚጥሉ ነገሮች አንዱ ነው።

ለምን መሰለሽ? ቀን ያነበብሽውን አእምሮ የሚያደላድለው ስትተኚ ነው። በከባዱ እንቅልፍ ጊዜ ቀን የገባው ትምህርት እንደገና እየተነካካ ወደማይረሳው ቦታ ይሻገራል። ሕልም የምናይበት እንቅልፍ ደግሞ በብዛት የሚመጣው ወደ ንጋት ላይ ነው፤ እሱም ለትውስታና ለስሜት የራሱ ሥራ አለው። አንቺ ዘግይተሽ ተኝተሽ በማለዳ ስትነሺ ብዙ የሚቀርብሽ ይሄኛው ነው። ያልተኛ አእምሮ በማግሥቱ አዲስ ነገር መያዝም ያቅተዋል። ስለዚህ ከ5 እስከ 7 ሰዓት እየተንጠራራሽ ያነበብሻት ፊዚክስ ራሷ አትያዝልሽም፣ የነገ ጠዋቱንም ክፍለ ጊዜ ይዛብሽ ትሄዳለች።

ብዙ ወላጅ የማያውቀው ነገርም አለ። በጉርምስና ዕድሜ የሰውነት ሰዓት ይዘገያል። እንቅልፍ የሚጠራው ሜላቶኒን የሚባለው ሆርሞን ከልጅነት ጊዜ ይልቅ አንድ ሁለት ሰዓት ዘግይቶ ነው የሚለቀቀው። እናትሽ 3 ሰዓት ላይ ዓይናቸው ሲከደን አንቺ ንቁ ሆነሽ የምትቀሪው ለዚህ ነው። ስለዚህ ከእራት በኋላ ወዲያው ተኚ አልልሽም፤ ብልሽም እንቅልፉ አይመጣም። 4 ሰዓት ላይ መተኛት ግን ይቻላል፣ ቡናውና ስልኩ ከተስተካከሉ።

ጅማ ላይ፣ ያውም ከእናትሽ ጀበና አጠገብ ተቀምጠሽ፣ ቡና ተዪ ብልሽ አትሰሚኝም። መተውም የለብሽም፤ ሰዓቱን ብቻ ቀይሪ። የጠጡት ካፌይን ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት 5 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል፤ አንዳንድ ሰው ላይ ከዚያም ይረዝማል። ማታ 12 ሰዓት ላይ ጀበናው ሲያልቅ የጠጣሽው በረካ ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ግማሹ ገና ሰውነትሽ ውስጥ ነው። ቀጥኗል ብለሽ አትናቂው። በቀን አንድ፣ ቢበዛ ሁለት ሲኒ ይብቃሽ፤ እሱም ከቀኑ 8 ሰዓት በፊት። ብዙ ስትጠጪ ከቆየሽ በአንድ ጊዜ አትቁረጪ። ካፌይን ድንገት ሲቀር ራስ ምታት ያስነሳል፣ ለቀናት ሊቆይም ይችላል። ምናልባት አሁን የሚያምሽ ራስ ምታት ከፊሉ የሱ ሊሆን ይችላል፤ ቡና ባልጠጣሽበት ቀን ይብስ እንደሆነ ልብ በዪ። በየሁለት ሦስት ቀኑ አንድ አንድ ሲኒ እየቀነስሽ ውረጂ።

ስለ ጫቱ እምቢ ማለትሽ ደስ ብሎኛል፤ እንደዚያው ቀጥዪ። ጓደኞችሽ ክፉ አስበው አይደለም። ምርቃናው ሲመጣ ሁሉም ነገር የገባቸው ይመስላቸዋል። ግን ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባለው ንጥረ ነገር የሚያደርገው ልብን ማፍጠን፣ የደም ግፊትን መጨመር፣ ምግብን መዝጋትና እንቅልፍን ማባረር ነው። ምርቃናው ሲወርድ ድብርት ይመጣል። ድብርቱን ለማለፍ ሌላ መቃም፣ እንቅልፍ እምቢ ሲል ደግሞ መጠጥ፤ ጨብሲ የሚባለው እዚህ ላይ ነው የሚጀመረው። እኔ ዘንድ ልቤ ይመታል፣ እንቅልፍ እምቢ አለኝ ብለው ከሚመጡ ተማሪዎች ብዙዎቹ ታሪካቸውን ሲያወሩ «ለፈተና ብዬ ነው የጀመርኩት» ነው የሚሉት። ፈተናው ካለፈ በኋላ ጫቱ አልቀረላቸውም።

እሺ፣ ጊዜውን ታዲያ ከየት እናምጣው?

አብዛኛው ተማሪ ፕሮግራም ሲያወጣ ትምህርቱን ይጽፋል፣ ጥናቱን ይጽፋል፣ ሥራውን ይጽፋል፣ የተረፈውን ለእንቅልፍ ይተዋል። አንቺ ከእንቅልፉ ጀምሪ። ወረቀት አምጪና ከምሽቱ 4 እስከ 11 ሰዓት ተኩል ያለውን አጥቁሪው። 7 ሰዓት ተኩል ነው። እሱን ማንም አይነካውም፣ ነገ ፈተና ቢኖርም። ከዚያ ከትምህርት ቤት ተመልሰሽ ምሳ ከበላሽ በኋላ 20 ደቂቃ ጋደም በዪ፤ የስልክሽን ደወል ሙዪ። ከግማሽ ሰዓት አይለፍ፣ ከ9 ሰዓት በኋላም አይሁን፤ አለዚያ የማታውን እንቅልፍ ይሻማል። በዚህ 8 ሰዓት ያህል ሞላልሽ ማለት ነው።

ከዚያ ከ8 እስከ 9 ሰዓት፣ ወደ ቡናው ከመሄድሽ በፊት፣ አንድ ሰዓት አለሽ። ይህቺን ሰዓት ለከባዱ ትምህርት ስጪያት። ሒሳብም ሆነ ኬሚስትሪ፣ የምትፈሪውን እዚህ አድርጊው። ጋደም ብለሽ ስለተነሳሽ ጭንቅላትሽ ንጹሕ ነው። ብዙ ልጆች ግን ይገለብጡታል፤ ቀላሉን በንቃታቸው ሰዓት ይጨርሱና ከባዱን ለሌሊት ያቆዩታል።

ከ9 እስከ 12 ሰዓት ያለው ቡና መሸጫ ላይ የሚያልፈው ጊዜ ለጥናት የጠፋ መስሎ ታይቶሻል። እኔ አይመስለኝም። እርግጥ ደብተር ከረከቦቱ ጎን ዘርግቶ ማንበብ አይሆንም፤ ፍም ይቆሰቆሳል፣ ሲኒ ይታጠባል፣ ሰው «ስኳር ጨምሪልኝ» ይላል፣ የነበርሽበት መስመር ይጠፋሻል። ይልቅ ካለቀ ደብተር ላይ ወረቀት ቅደጂና መዳፍ በምታህል ቁራጭ ቁረጪ። በአንዱ ፊት ጥያቄ ጻፊ፣ «የኒውተን ሁለተኛ ሕግ ምን ይላል?» በጀርባው መልሱን። ሃያ ያህሉን ሽርጥሽ ኪስ ውስጥ ክተቺ። ሰው ፋታ ሲሰጥሽ አንዷን አውጪ፣ ጀርባውን ሳታዪ መልሺ፣ ከዚያ ገልብጠሽ አረጋግጪ። ያወቅሻትን ወደ ግራ ኪስ፣ የሳትሻትን ወደ ቀኝ። የሳትሻት ነገም ትመጣለች፤ ያወቅሻት ከሦስት ቀን በኋላ፣ ከዚያ ከሳምንት በኋላ። ይሄ ጨዋታ አይደለም። አንድን ገጽ ደጋግሞ ከማንበብ ይልቅ ዘግቶ ለማስታወስ መታገል፣ በቀናት እየከፋፈሉም መመለስ፣ ትምህርትን በደንብ እንደሚያስቀር በብዙ ጥናት የተረጋገጠ ነው። ሐሙስ ደግሞ ገበያ ነው፤ ስለዚህ ሐሙስ ከነዚህ ወረቀቶች ሌላ ምንም አታቅጂ። የማይሆን ዕቅድ ጽፎ ሲቀር ማዘን ራሱ ድካም ነው።

ማታ ከ2 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ሩብ ጉዳይ ድረስ ብታጠኚ ሌላ 1 ሰዓት ከ45 ደቂቃ አገኘሽ። ከቀኑ ጋር 2 ሰዓት ከ45 ደቂቃ፣ ወረቀቶቹን ሳንቆጥር። አሁን ሌሊት የምታጠኚው 3 ሰዓት ነው። ልዩነቱ ሩብ ሰዓት ብቻ ነው፣ ያውም በነቃ ጭንቅላት። መብራት የሄደ ቀን በሻማ ዓይንሽን አታድክሚ፤ ወረቀቶቹን ይዘሽ ከወንድምሽ ጋር ተጠያየቁና በጊዜ ተኚ። ስልኩን ስታጠኚ ሌላ ክፍል አስቀምጪው። ቲክቶክና ቴሌግራም «አምስት ደቂቃ» ተብለው ተከፍተው አንድ ሰዓት ይዘው ይሄዳሉ፤ ስትተኚም አጠገብሽ አይደር። ቅዳሜና እሁድ አርፍደሽ ብትነሺም ከአንድ ሰዓት ብዙ እንዳታልፊ፤ ፈረቃሽ ወደ ከሰዓት ቢቀየርም የመነሻ ሰዓትሽን ያዢው።

ግን ይህ ሁሉ የሚሠራው ማታ 2 ሰዓት ላይ እጅሽ ነፃ ከሆነ ነው። እዚህ ላይ ችግሩ የአንቺ ብቻ አይደለም፣ ይሄን በግልጽ መናገር አለብኝ። የጊዜ አጠቃቀም ምክር ሲሰጥ ሁልጊዜ ልጅቷ ላይ ብቻ ይጫናል። ለእናትሽ ይህን አንብቢላቸው፦ እትዬ፣ ልጅዎ የምታግዝዎት በፍቅር ነው፣ አታግዝዎት አላልኩም። ዕቃ ማጠቡንና ውሃ መቅዳቱን ግን ወንድሟ ይሥራው። ጤነኛ የ9ኛ ክፍል ልጅ ነው፣ ይችላል። ኳሱን ከዚያ በኋላ ይመልከት። እሷ የምትፈልገው በቀን ሁለት ሰዓት ያህል ነው፤ የጎደላት እንቅልፍ የሚገኘው እዚህ ነው።

ይህን ሁሉ ካደረግሽ በኋላም ድካሙ ካልለቀቀሽ ጉዳዩ እንቅልፍ ብቻ ላይሆን ይችላል። በአንቺ ዕድሜ ያለች ሴት ልጅ በወር አበባዋ ምክንያት የደም ማነስ በቀላሉ ሊያጋጥማት ይችላል፤ ያደክማል፣ ራስ ያዞራል፣ ትንፋሽ ያሳጥራል። ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጡ ብረት የተባለው ንጥረ ነገር በደንብ እንዳይገባ ያደርጋሉ፤ ስለዚህ ከምሳ አንድ ሰዓት ያህል አርቀሽ ጠጪ። ሽሮውና ምስሩ ላይ ሎሚ ጠብ ማድረግ ወይም ቲማቲም ጨምሮ መብላት ግን ብረቱ እንዲገባ ያግዛል። ቁርስ ሳትበዪ አትውጪ። ሰሌዳው ብዥ የሚልብሽ ከሆነ ደግሞ ዓይንሽን ተመርመሪ፤ ራስ ምታቱ ከዚያ ሊሆን ይችላል።

ጊዜ የማይሰጡ ምልክቶችም አሉ። ራስ ምታቱ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስሽ ከሆነ፣ ከማስታወክ ጋር ከመጣ፣ ዕይታሽ ከተለወጠ ወይም ራስሽን ከሳትሽ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ሂጂ። ከሁለት ሳምንት በላይ ነገር ሁሉ ካስጠላሽ፣ ካለቀስሽ፣ መኖር ትርጉም ካጣብሽም እንደዚሁ፤ ለምታምኚው ትልቅ ሰው ዛሬውኑ ንገሪ፣ ሐኪም ጋ ለመምጣትም አትፈሪ፣ ይታከማል።

ሌላው የሚቸኩል አይደለም። ለሁለት ሳምንት ስንት ሰዓት እንደተኛሽ፣ ስንት ሲኒ ቡና እንደጠጣሽና ራስሽን ያመመሽን ቀን በደብተርሽ ጀርባ ላይ ጻፊ። ከዚያ አንድ ቀን ከፈረቃ ስትወጪ በአቅራቢያሽ ወዳለው ጤና ጣቢያ ጎራ በዪና የደም ማነስ ምርመራ ይሥሩልሽ፤ ያንን የጻፍሽውንም ይዘሽ ሂጂ።