ጤና ጣቢያ መድኃኒቱ ከሌለ ማዘዣሽ ላይ «የለም» የሚለውን ማኅተም ሳታስመቺ እንዳትወጪ

«የ5 ዓመት ልጄን ከትናንት ጀምሮ ያተኩሳታል፣ መዋጥ አቅቷታል፣ ቶንሲል መሰለኝ። የጤና መድህን ደብተር አለን ግን ተጠቅመንበት አናውቅም። ጤና ጣቢያ ልውሰዳት ወይስ ተበድሬ የግል ክሊኒክ?» ላልሽው እህቴ፦ አትበደሪ። እኔ ሦስት ልጆች በዚያ ደብተር ነው ያሳደግኩት፣ አሁን ሰፈሩ ሁሉ እኔን ነው የሚጠይቀው።

ብቻ ጎረቤት መጥቶ «እንጥሏ ወርዶ ነው፣ አስቧጥጫት» ካለሽ በሩን ዝጊበት። የኔን ትልቋን የባለቤቴ ዘመዶች ሊያስቧጥጧት ተነስተው በስንት ጭቅጭቅ ነው ያስጣልኳቸው። ደም አልቆም ብሎት የሞተ ልጅ፣ ቁስሉ ያመረቀዘበት ልጅ አለ።

1ኛ. ማልደሽ ሂጂ። ሥራ የሚጀምረው 2:30 ነው ብሎ 2:30 የሚደርስ ሰው ምሳ ሰዓት እዚያው ይሆንበታል። እኔ 1:30 በር ላይ ነኝ። ዓርብ ከሆነ ደግሞ 5:30 ወጥተው የሚመለሱት 7:30 ነው፣ እወቂው። ሌሊት መተንፈስ ካስቸገራት ወይም ለሃጯን መዋጥ አቅቷት ከተዝረበረበ ግን ጠዋትን አትጠብቂ፤ ድንገተኛ ክፍል ማታም አለ።

2ኛ. ደብተሩን አሁኑኑ ግለጪው። የልጅቷ ስምና ፎቶ አለበት? የዘንድሮ እድሳት ተመቶበታል? ክትባት፣ የእርግዝና ክትትል፣ ወሊድ፣ ቲቢ ያለ መድህንም ነፃ ነው፤ ቶንሲል ግን ደብተሩ ካልታደሰ ከኪስሽ ነው። እኔን ካርድ ክፍል ያለው ልጅ አንገቱን ከስልኩ ሳያነሳ «አልታደሰም፣ ቀጣይ!» አለኝ። አሳድሻለሁ እኮ! ልጄ ትከሻዬ ላይ እንደ እሳት ትነዳለች፣ ከኋላዬ ያለው ሰልፍ ይገፋኛል። እጄን በመስኮቱ አስገብቼ ገጹን ገለጥኩለት። ማኅተሙ ቁጭ ብሏል። ይቅርታ የሚባል ነገር ከአፉ አልወጣም፣ ካርዱን ወርውሮ ሰጠኝ። ከዚያ ወዲህ የእድሳቱን ገጽ በመርፌ ቁልፍ ይዤ ነው የምሄደው።

3ኛ. የምታይሽ ዶክተር ካልሆነች አትከፊ። ባለቤቴ «ለነርስ ነው እንዴ ይህን ሁሉ የተሰለፍሽው?» ብሎኝ ነበር። ነርስም አልነበረችም፣ ጤና መኮንን ናት፤ ደግሞ ያን ያህል ከፍዬ በግል ክሊኒክ እንደሷ አፍ ከፍቶ በባትሪ ያየልኝ የለም። አሞክሳሲሊን አዘዘችልን፣ 10 ቀን። «በሦስተኛው ቀን መጫወት ስትጀምር እንዳታቋርጪ፣ በደንብ ያልታከመ ጉሮሮ ኋላ የልብ ቫልቭ ያበላሻል» አለችኝ። እኔ እናቴ ጎረቤት እንዲህ በልብ የምትሰቃይ ልጅ ስለማውቅ ደነገጥኩ። ምናልባት ላንቺ ልጅ ቫይረስ ነው ብለው ፓራሲታሞል ብቻ ይሰጡሽ ይሆናል። ያኔ ናቁኝ ብለሽ ወጥተሽ አንቲባዮቲክ ያለ ማዘዣ እንዳትገዢ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፣ የተቃጠልኩበት እሱ ነው። ፋርማሲው መስኮት ስደርስ «ሽሮፑ አልቋል፣ ከውጭ ግዢ» ተባልኩ። እኔም የዋህ፣ ማዘዣውን ይዤ እየሮጥኩ መንገድ ዳር ካለው መድኃኒት ቤት ሁለት ጠርሙስ ሽሮፕና የትኩሳት መድኃኒት በ640 ብር ገዛሁ። የቤት ኪራይ ላይ ያነሳሁት ብር ነው። ማታ ለጎረቤቴ ስነግራት «ማኅተም አላስመታሽም?» አለችኝ። ለካስ መድኃኒቱ ከሌላቸው ማዘዣው ላይ «የለም» ብለው ማኅተም ይመቱበታል፣ እሱን ይዘሽ ከደብተሩ ጋር «ከነማ» የሚባለው የመንግሥት መድኃኒት ቤት ስትሄጂ በመድህኑ ይሰጡሻል። በማግስቱ ደረሰኜን ይዤ ብመለስ «አንዴ ከገዛሽ አለቀ» አሉኝ። ታዲያ ትናንት ለምን አልነገራችሁኝም ስል «አልጠየቅሽም» አለችኝ አንዷ፣ እየሳቀች። እስከ ዛሬ ያቺ ሳቅ ትታወሰኛለች።

በሁለተኛው ልጅ ግን ተዘጋጅቼ ሄድኩ። «የለም» ሲሉኝ ማዘዣውን መልሼ ገፋሁላቸው፣ «እንግዲያው ምቱበት» ብዬ ቆምኩ። ኃላፊው የለም፣ ማኅተሙ ተቆልፎበታል አሉ። እጠብቃለሁ አልኩ። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ማኅተሙ ተገኘ። ከነማም የመጀመሪያው ቅርንጫፍ አልነበረውም፣ ሁለተኛው ሰጠኝ፣ አምስት ሳንቲም አላወጣሁም። ከኋላዬ ተሰልፈው የነበሩ ሁለት እናቶችም እኔን አይተው አስመቱ።

ሆስፒታል በቀጥታ ልሂድ እንዳትይ ደግሞ። ድንገተኛ ካልሆነ በቀር ያለ ሪፈር ወረቀት ደብተርሽን ይዘሽ ብትሄጂ ትጉላያለሽ።

ሽሮፑ በዱቄት ከሆነ የሚሰጡሽ፣ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ እስከ ምልክቱ ጨምረሽ በደንብ ናጪው፣ በየመጠጫው ሰዓትም እንደገና። መስፈሪያውን ስጡኝ በያቸው፣ የሻይ ማንኪያ አንዱ ከአንዱ አይገጥምም። ስንት ሚሊ ሊትር እንደሆነ ጠርሙሱ ላይ በእስክሪብቶ አስጽፊ፤ እኔ ቤት ስደርስ ጠፍቶብኝ ተመልሼ ሄጄ ጠይቄያለሁ፣ ያውም በዝናብ።