«ቻሉት» ማለት ምክር አይደለም

ልጆቼ፣ በጉርምስና ዕድሜ ያሉ ልጆችን ማዳመጥ ሥራዬ ከሆነ ብዙ ዓመት አልፏል። ቡሊ የሚደረጉ፣ ማለትም በሌሎች ልጆች ትንኮሳ የሚደርስባቸው ልጆች እኔ ዘንድ ሲመጡ አብዛኞቹ አንድ ምክር ቀድሞ ደርሷቸዋል። «ናቅ አድርገህ እለፈው» ወይም «አንቺ ብልጥ ሁኚ፣ ቻይው» ተብለዋል። አሁን አሁን ይኸው ምክር ዘመናዊ ልብስ ለብሶ «ስሜታዊ ብልህነት ይኑራችሁ» እየተባለ ይነገራል። እኔ በዚህ አልስማማም።

ስሜታዊ ብልህነትን እ.ኤ.አ. በ1990 ያብራሩት ፒተር ሳሎቬይና ጆን ሜየር የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ናቸው። የራስንም የሌላውንም ስሜት መከታተል፣ አንዱን ስሜት ከሌላው መለየት፣ ከዚያም በዚያ ተመርቶ ማሰብና ማድረግ ነው አሉ። ስሜትን ዋጡ አላሉም። ንዴቱን የዋጠ ልጅ ማታ ሲብሰለሰል እንቅልፍ ያጣል፣ ጠዋት ሆዱን ያመዋል፣ ከትምህርት ቤት ለመቅረት ሰበብ ይፈልጋል።

በነገራችን ላይ የሰው ስሜት ማንበብ ብቻውን ደግነት አይደለም። አንዳንዱ ተንኳሽ የት ቢነካችሁ እንደሚያማችሁ አሳምሮ ያውቃል።

ቀልድና ትንኮሳ ይለያያሉ። ትንኮሳን እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ ያጠናው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ዳን ኦልቪየስ ሦስት ምልክት አስቀምጧል። ሆን ተብሎ ይደረጋል፣ ይደጋገማል፣ በሁለቱ ወገኖች መካከል የጉልበት ልዩነት አለ። ጉልበት ሲባል ጡንቻ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ብዙ ተከታይ ያለው ልጅ ጉልበት አለው። የግል ፎቷችሁን በስልኩ የያዘም እንዲሁ።

ልጆችን «ምን ተሰማህ?» ስላቸው መልሳቸው ብዙ ጊዜ «ደበረኝ» ነው። እኔ ግን እዚያ ላይ አላቆምም። ፈርተህ ነው? ተናደህ ነው? አፍረህ ነው? ብቸኝነት ነው? መልሱ የሚቀጥለውን እርምጃ ይለውጠዋል። የፈራ ልጅ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ደኅንነት ነው። የተናደደ ልጅ መብቱ እንደተነካ ገብቶታል። ከሁሉም የሚከብደኝ እፍረት ነው። እፍረት አፍ ይለጉማል። ጥፋቱ የሌላ ሰው ሆኖ ሳለ የሚደበቀው የተጎዳው ልጅ ይሆናል። «እኔ ላይ የሆነ ችግር ቢኖር ነው» ማለት ከጀመራችሁ የሚናገረው እፍረቱ እንደሆነ እወቁ።

ስሜትን በስሙ መጥራት አእምሮንም ያረጋጋል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ማቲው ሊበርማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት ሰዎች በፎቶ ባዩት ፊት ላይ ያለውን ስሜት በቃል ሲሰይሙ፣ ለአደጋ ፈጥኖ ምላሽ የሚሰጠው አሚግዳላ የተባለው የአንጎል ክፍል እንቅስቃሴው ቀንሷል።

ይህ ሁሉ ግን ተንኳሹን አያስቆመውም። ማስቆም የእናንተ የብቻ ሸክም አይደለም፤ ለአዋቂ ንገሩ። ምን እንደተደረገ፣ መቼ፣ የት፣ ማን እንደነበረ ጻፉ። የስድብ መልእክት ስታዩ ብትናደዱም አታጥፉት፣ ስክሪንሾት አንሱ። የነገራችሁት ሰው «የልጆች ነገር ነው» ብሎ ካለፈው ሌላ ሰው ፈልጉ። ራሴን ልጉዳ የሚል ሐሳብ ከመጣባችሁ ደግሞ አታሳድሩት፤ በዚያው ሰዓት ለምታምኑት ሰው ተናገሩ፣ ብቻችሁንም አትሁኑ።

ዳር ቆማችሁ ለምታዩትም አንድ ነገር ልበል። እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ የካናዳ ጥናት ትንኮሳ የሚደረግባቸውን የመጫወቻ ሜዳዎች ተመልክቶ ነበር። ሌሎች ልጆች ጣልቃ ከገቡባቸው ጊዜያት ከግማሽ በሚበልጡት ትንኮሳው በ10 ሰከንድ ውስጥ ቆሟል። ለዚህ ድብድብ አያስፈልግም፤ ተንኳሹን መስደብም ሌላ ጠብ ይጨምራል። የተነካውን ልጅ «ና፣ እንሂድ» ብሎ ይዞ መሄድ ይበቃል። በሰዓቱ ከፈራችሁ ማታ «ያደረጉብህን አይቻለሁ፣ ልክ አልነበረም» ብላችሁ ጻፉለት። ለመምህር መንገርም ማሳበቅ አይደለም። የሚያሳብቅ ሰው ሌላውን ለማስቀጣት ይናገራል፣ እናንተ የምትናገሩት ግን የሚጎዳ ልጅ ስላለ ነው።