«እናቴ ሚስት መርጣልኛለች፤ የእኔን እውነት ግን አታውቅም»

ጠያቂያችን የ27 ዓመት ወጣት ሲሆኑ በአሜሪካ ጦር ሠራዊት ውስጥ ስድስት ዓመት ያገለገሉ ሳጅን ናቸው። ልባቸው ወደ ወንድ እንደሚያዘነብል ከልጅነታቸው ጀምሮ ቢያውቁም ለማንም ተናግረው አያውቁም፤ የሁለት ዓመት የፍቅር ጓደኛቸውን እንኳ ስልካቸው ላይ የመዘገቡት በሴት ስም ነው። ቨርጂኒያ የሚኖሩት እናታቸው አሁን አዲስ አበባ ያለች ልጅ መርጠው፣ በቀጣዩ ፈቃዳቸው ሄደው እንዲያገቧት እየወተወቱ ነው። «ብናገር እናቴን እገድላታለሁ፣ ባልናገር እኔ አልቃለሁ። በሕክምና ይለቀኝ ይሆን?» ሲሉ ይጠይቃሉ።

ውድ ጠያቂያችን፣ በመጨረሻው ጥያቄዎ ልጀምር። ይህ በሽታ ስላልሆነ የሚታከም ነገር የለውም፤ የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ከሕመሞች ዝርዝር ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። እንቅልፍ የነሳዎት ፍቅርዎ ሳይሆን ጥበቃው ይመስለኛል። ሰኞ ጠዋት ባልደረቦችዎ ቅዳሜና እሑድን እንዴት እንዳሳለፉ ሲጠይቁዎ በእንግሊዝኛ ሾላ በድፍን ብለው እንደሚያልፉ፣ ከእናትዎ ጋር ሲያወሩ ግን የአማርኛው ግሥ ስለሚያጋልጥዎ «ደወለልኝ» ሊሉ የጀመሩትን ውጠው «ደወለችልኝ» እንደሚሉ ጽፈዋል። ለአንዲት «ች» ብሎ ቀን ከሌት ነቅቶ የሚጠብቅ አእምሮ መዛሉ አይቀርም።

«እኔ አልቃለሁ» ያሉት ሕይወትዎን ለማጥፋት አስበው ከሆነ፣ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ዛሬውኑ 988 ደውለው 1 ቁጥርን ይጫኑ፤ መስመሩ ለወታደሮችና ለቀድሞ ወታደሮች ሌት ተቀን ክፍት ነው።

በደብዳቤዎ ውስጥ ሁለት ፍርሃቶች ተጣብቀዋል፤ አንዱ የጦሩ፣ ሌላው የእናትዎ። ከጦሩ ልጀምር። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው፣ ተመሳሳይ ፆታ የሚወድ የአሜሪካ ወታደር ይህን እንዲደብቅ ያስገድድ የነበረው «አትጠይቅ፣ አትናገር» የተባለው ደንብ ከ13 ሺህ በላይ ወታደሮችን ከሥራ አስወጥቷል፤ በሴፕቴምበር 2011 ግን ቀርቷል፤ ስለዚህ ወንድ በመውደድዎ ብቻ ማዕረግዎን አይገፈፉም። የባልደረባ ሹክሹክታና ፌዝ ግን በሕግ አይቀርም፣ መጠንቀቅዎንም ፈሪነት አልለውም። ለማንም የመናገር ግዴታ የለብዎትም፤ ሆኖም ይህን ሸክም የሚያውቅ አንድ ሰው እንዲኖርዎት እመክራለሁ። በምሥጢር የነገሩትን የጦሩ ቄስ ያለ ፈቃድዎ ለአዛዥ አሳልፎ አይሰጥም፤ የጦሩ ሐኪም ግን ለደኅንነት ሲባል ለአዛዥ የሚያሳውቅበት ሁኔታ ስላለ፣ ከመናገርዎ በፊት የምሥጢሩን ወሰን ይጠይቁት።

ሠርጉን በተመለከተ ግን ቃሌን አላለዝብም፤ አያግቧት። ያቺ ልጅ አገሯንና ወገኗን ትታ በሰው አገር የምትኖረው ባሏን ተስፋ አድርጋ ነው፤ ባሏ ለምን ፊቱን እንደሚያዞርባት ሳታውቅ ጥፋቱን በራሷ ላይ ስትፈልግ ዕድሜዋ ያልቃል። እንዲህ ካለው ትዳር በኋላ ወደ እኔ የመጡ ሴቶች ስላሉ ሕመሙን በቅርብ አውቀዋለሁ።

ለእናትዎ እውነቱን መንገር ሌላ ጉዳይ ነው፤ በሠርግ ጥድፊያም፣ በስልክም፣ አዲስ አበባ ላይም አይሁን። የ1996ቱ የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 በተመሳሳይ ፆታ መካከል የሚፈጸም ግንኙነትን ስለሚቀጣ፣ እዚያ የተነገረ ቃል ከቤተሰብ አልፎ ሊወጣ ይችላል። ብቻቸውን ያሳደጉዎት እናት ሊያለቅሱ፣ ሊቆጡ፣ ጸበል ሂድ ሊሉዎት ይችላሉ፤ ይህን ሁሉ የሚችል ጉልበት ሲኖርዎት፣ ቤታቸው ሄደው፣ ካስፈለገም የሚያከብሯትን አክስትዎን ይዘው ለእናትዎ ይንገሯቸው።

አሁን የሚቸኩለው የልጅቷ ነገር ነው። ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ለእናትዎ፣ «እማዬ፣ ይህችን ልጅ አላገባትም፤ ምክንያቱን ስችል ራሴ እነግርሻለሁ፤ እሷ ግን በእኔ ተስፋ እንዳትጠብቅ ለቤተሰቧ አሳውቂልኝ» ይበሏቸው። ቢጠይቁዎም ሌላ ሴት አለችኝ ብለው አይዋሹ።