ሞተሬን ለሁለት ዓመት አቁሜ ልሄድ ነው፤ ኢንሹራንሱን ላድስ ወይስ ልተወው?

ጥያቄ፦ ደምበጫ የሚኖሩ አንባቢያችን አዲስ ቦክሰር ሞተር ሳይክል ገዝተው ገና 312 ኪሎ ሜትር እንደነዱት ለሥራ ወደ ውጭ አገር ሊሄዱ ነው። «ሞተሩ ጅጋ እህቴ ቤት ይቆማል። ባትሪው እንዳይሞት አማቼ አልፎ አልፎ እያስነሱ ይጠብቁልኛል። ሰነዱ ሁሉ አለኝ። ቆሞ ለሚከርም ሞተር ቦሎና ኢንሹራንስ በየዓመቱ ማደስ ግዴታ ነው ወይ? ባላድስስ እቀጣለሁ?» ሲሉ ጠይቀዋል።

መልስ፦

የጠየቁኝን በአጭሩ ልመልስ። የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ አዋጅ ቁጥር 799/2005 የሚከለክለው ያለ ኢንሹራንስ መንገድ ላይ መንዳትን ነው፤ ሌላ ሰው እንዲነዳ ማድረግንና መፍቀድንም ጭምር። ግቢ ውስጥ ተቆልፎ የቆመ ሞተር መንገድ እስካልወጣ ድረስ በዚህ ድንጋጌ አያስጠይቅም። ቦሎው ግን የምዝገባና የምርመራ ጉዳይ ስለሆነ፣ ከመሄድዎ በፊት ሰሌዳው ወደ ተመዘገበበት የመንገድና ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ሄደው ሞተሩ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን እንደሚቆም በማመልከቻ ያሳውቁ። የማመልከቻውን ቅጂ የገቢ ማኅተም አስመትተው ይያዙ። በቃል «ግድ የለም፣ ሲመጡ ያድሳሉ» ቢባሉ አይመኑ፤ ያንን ያለዎት ሠራተኛ ከሁለት ዓመት በኋላ በዚያ ወንበር ላይኖር ይችላል።

አሁን ወዳልጠየቁኝ ልምጣ። «አልፎ አልፎ እያስነሱ ይጠብቁልኛል» ብለው በአራት ቃል ያለፉት ነገር ከቦሎውም ከኢንሹራንሱም ይልቅ አስግቶኛል። ቁልፉ የት እንደሚቀመጥ አልነገሩኝም። አማችዎ መንጃ ፈቃድ ይኑራቸው አይኑራቸው አልነገሩኝም። በዚያ ቤት ሞተር ማስነሳት የለመደ ጎረምሳ መኖሩንም አልጻፉልኝም። አዲስ ሞተር ደግሞ ከሁለት ቁልፍ ጋር ነው የሚሸጠው፤ ሁለተኛው የት ነው?

ይህን የምጠይቅዎ ነገሩ ሁልጊዜ በአንድ መንገድ ስለሚሄድ ነው። መጀመሪያ ላይ ሞተሩ ግቢ ውስጥ ለአምስት ደቂቃ ይነሳል። ከዚያ አንዱ «ባትሪ የሚሞላው ሲነዳ እንጂ ቆሞ ሲጮኽ አይደለም» ይላል፤ እውነቱን ነው። እስከ መንደሩ ጫፍ ይነዳል። ቀጥሎ የታመመ ሰው ጤና ጣቢያ ማድረስ ይመጣል፤ ማን እምቢ ይላል? ከዚያ ገበያ፣ ከዚያ ሠርግ። ኢንሹራንሱ ያለቀው በሦስተኛው ወር ይሁን በአሥረኛው በቤቱ ውስጥ የሚያውቅ የለም፤ ወረቀቱ ያለው እርስዎ ጋ ነው። አንድ ቀን መንገድ የሚሻገር ሕፃን ይገጫል።

በዚያች ቀን ሕጉ የሚፈልገው እርስዎን ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 2081 የባለ ሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። የነዳው ሰው እንዲነዳ ያልተፈቀደለት ቢሆን እንኳ ባለቤቱ ኃላፊ ነው። «እኔ አገር ውስጥ አልነበርኩም፣ ጥፋት የለብኝም፣ ያጠፋው ሌላ ነው» የሚለው መከላከያ በቁጥር 2086 ተዘግቷል፤ ከኃላፊነት የሚቀንስልዎት የተጎጂው የራሱ ጥፋት ብቻ ነው። የነዳው ሰውም በራሱ ጥፋት ይጠየቃል፤ ነገር ግን ካሳ ፈላጊ ገንዘብ ያለውን ይከሳል፤ ውጭ አገር የሚሠራ ሰው ደግሞ ገንዘብ እንዳለው ይታሰባል። ከከፈሉ በኋላ ጥፋተኛውን መልሰው መጠየቅ ይችላሉ፤ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ግን ምን አለውና ነው የሚከፍልዎት?

«ኢንሹራንስ ይከፍላል» አይበሉ። ውሉ ካለቀ የሚከፍል የለም፤ ኢንሹራንስ የሌለው ተሽከርካሪ ለሚጎዳቸው ሰዎች የተቋቋመው የኢንሹራንስ ፈንድ ተጎጂውን ቢክስም ገንዘቡን ዞሮ ከባለቤቱ ይጠይቃል። ውሉ ባያልቅም ሽፋኑ ጣሪያ አለው፤ መንጃ ፈቃድ የሌለው ሰው ነድቶ ከሆነም ኩባንያው ለተጎጂው የከፈለውን ሊያስመልስ ወደ እርስዎ ይመጣል።

ባለቤቱ የሚያመልጥበት አንድ በር አለ። በዚያው ቁጥር 2081 ንዑስ ቁጥር 2 መሠረት፣ ጉዳቱ በደረሰ ጊዜ ተሽከርካሪው ተሰርቆበት እንደነበር ካስረዳ ባለቤቱ አይጠየቅም። ደንበኞች በዚህ በር እወጣለሁ ብለው ይተማመናሉ፤ እኔ ግን ደጋግመው እንዲያስቡበት እለምናለሁ። ቁልፉን በእጅዎ ሰጥተው «እያስነሳችሁ» ካሉ ስርቆት የለም። ቁልፉ ግድግዳ ላይ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሎ ልጁ ሳይጠይቅ ወስዶት ከሆነስ? ያኔ ስርቆት ነው ብለው ማስረዳት ያለብዎት እርስዎ ነዎት። ማለት የእህትዎን ልጅ «ሰርቆኛል» ብለው ፖሊስ ጣቢያ ያመለክታሉ፤ እህትዎ ደግሞ በልጇ ላይ ምስክር ሆና ትቆማለች። ይህን የሚያደርግ ወንድም በእኛ አገር አለ? የለም። ስለዚህ በወረቀት ላይ ያለው በር በተግባር ለእርስዎ የተዘጋ ነው፤ ከመሄድዎ በፊት ይህን ይወቁት።

ሌላም አለ። ለጉዳት ካሳ ክስ ለማቅረብ በመርሕ ደረጃ ሁለት ዓመት ይፈቀዳል (ቁጥር 2143)፤ እርስዎ የማይኖሩበት ጊዜ ማለት ነው። መጥሪያው በአግባቡ ደርሶታል ተብሎ ተከሳሹ ካልቀረበ፣ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 70 መሠረት ጉዳዩ በሌሉበት ይሰማል። ውሳኔው እንዲነሳ ለማመልከት በቁጥር 78 ያለዎት ጊዜ ውሳኔውን ካወቁበት ቀን ጀምሮ አንድ ወር ብቻ ነው። ዘመድ ደግሞ «ባሕር ማዶ ያለ ሰው ለምን ይጨነቅ» ብሎ ነገሩን ይደብቃል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ሥሩን እንንቀል፤ ሥሩ ያ ባትሪ ነው። «ማስነሳት ያስፈልጋል» የሚለው ምክንያት ከጠፋ ቁልፉ በዚያ ቤት መቀመጥ የለበትም። በእውነቱ አምስት ደቂቃ እያስነሱ ማቆም ለሞተሩም ጠንቅ ነው፦ ኢንጅኑ በደንብ ሳይሞቅ ይጠፋል፣ ቤንዚን ሲነድ የሚፈጠረው ውኃ በዘይቱና በማርሚታው ውስጥ ይቀራል፣ ለማስነሳት የወጣው ኃይልም ወደ ባትሪው አይመለስም። ስለዚህ ባትሪው ይውጣ። መጀመሪያ የኔጋቲቩ ገመድ ይፈታል፣ ቀጥሎ የፖዘቲቩ። ባትሪው ለብቻው ደረቅ ቦታ ይቀመጥና በየወሩ ወይም ቢበዛ በየሁለት ወሩ ባትሪ ቻርጅ የሚያደርግ ባለሙያ ጋ ተወስዶ ይሞላ፤ ቮልቴጁ ከ12.4 በታች ወርዶ ብዙ ከቆየ ይበላሻል። አማችዎ ሊጠብቁልዎት ከፈለጉ ይህን ይጠብቁ። ባትሪ ተሸክሞ የሚሄድ ሰው ማንንም አይገጭም።

ቤንዚኑም ይውጣ። ሁለት ዓመት የተቀመጠ ቤንዚን ረግቶ በካርቡሬተሩ ቀጫጭን ቀዳዳዎች ላይ ይጋገራል። የነዳጁን መዝጊያ ዘግቶ ካርቡሬተሩ ሥር ያለችውን የማፍሰሻ ብሎን ማላላት ነው፤ የተቀዳውን ያኔውኑ ለሚጠቀም ሰው ይስጡ እንጂ እሳት በሚነድበት ቤት በጀሪካን አያስቀምጡ። የታንኩ ውስጥ እንዳይዝግ ጥቂት የሞተር ዘይት ጨምሮ ማንቀሳቀስ ይበቃል። ካንዴላው ተፈትቶ በቀዳዳው አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ይግባ፣ መርገጫው ሦስት አራት ጊዜ ቀስ ብሎ ይረገጥ፣ ካንዴላው ይመለስ። አዲስ ነው ብለው ዘይቱን አይተዉት፤ በመጀመሪያዎቹ ኪሎ ሜትሮች የብረት ብናኝ የሚሰበሰበው እዚያ ውስጥ ነውና ቀይረውት ይሂዱ። ካቴናው ዘይት ይቀባ፣ ሞተሩ በመሃል ማቆሚያው ጣውላ ላይ ይቁም፣ በላስቲክ ሳይሆን በአቡጀዲ ይሸፈን፤ የጎጃም ክረምት ረጅም ነው፣ ላስቲክ እርጥበቱን ያፍነዋል። ማዳበሪያና ጨው ከሚቀመጥበት ክፍል ያርቁት፤ ዩሪያና ኤንፒኤስ እርጥበት ስበው ብረት ይበላሉ። በቆሎ ከተከመረበትም ያርቁት፤ አይጥ የኤሌክትሪክ ገመዱን ትቆርጣለች። ባትሪ ስለወጣ ብቻ አይነሳም ብለው ደግሞ አይዘናጉ፤ በመርገጫ የሚነሱ አሉ። የኋላ ጎማው በሰንሰለትና በቁልፍ ይታሰር።

ሁለቱም የሞተሩ ቁልፎች፣ የሰንሰለቱ ቁልፍና ሊብሬው በዚያ ቤት ለማይኖር ለሌላ የሚያምኑት ሰው ይሰጡ። ሞተር፣ ቁልፍና ሊብሬ በአንድ ቤት ከተገኙ መሸጥም ቀላል ነው፤ በቅን ልቦና ከገዛ ሰው ላይ ንብረትን ማስመለስ ምን ያህል እንደሚያለፋ ጠበቃ ይንገርዎ።

ከአማችዎ ጋር የአደራ ውል ይጻፉ። «ከአማቼ ጋር ወረቀት? ምን ይሉኛል» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። የአደራ ሕግ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ከቁጥር 2779 ጀምሮ አለ፤ ውሉ አንድ ገጽ ይበቃዋል፦ የሻንሲ ቁጥር፣ የሞተር ቁጥር፣ የሰሌዳ ቁጥር፣ በርክክቡ ቀን ቆጣሪው ያሳየው ኪሎ ሜትር፣ ማንም ሰው እንዳያስነሳ፣ እንዳይነዳ፣ እንዳያከራይና በመያዣ እንዳያስይዝ፤ ሁለት ምስክር፣ ሁለት ቅጂ። ቆጣሪውን ቀኑ በሚታይበት ፎቶ ያንሱት። ይህ ውል በተጎጂው ላይ መከላከያ አይሆንም፤ ውል የሚያስረው ተዋዋዮቹን ነው (ቁጥር 1952)። ግን አማችዎን ይጠቅማል። ጎረቤት «እስቲ ለዛሬ ብቻ» ሲላቸው «ፈርሜአለሁ፣ ቁልፉም እኔ ጋ የለም» ብለው ሳያስቀይሙ ይመልሳሉ።

ውክልናም ያስፈልጋል፤ በዚህም ሰው ይሳሳታል። በጠቅላላ ቃል የተሰጠ ውክልና የአስተዳደር ሥራ ብቻ ነው የሚፈቅደው (ቁጥር 2204)፤ ክስ ለማቅረብና ለመከላከል ልዩ ሥልጣን በግልጽ መሰጠት አለበት (ቁጥር 2205)። ስለዚህ «ስለዚህ ሞተር ሳይክል በስሜ የሚመጣ መጥሪያ እንዲቀበል፣ በፍርድ ቤት እንዲከራከር፣ ቦሎና ኢንሹራንስ እንዲያድስ» ተብሎ ይጻፍ። «ይሽጥ ይለውጥ» የምትለዋን የተለመደች ሐረግ ግን ጸሐፊው ከልምድ እንዳይጨምራት አንብበው ይፈርሙ፤ ሰነዱም ይረጋገጥ።

«ሰነዱ ሁሉ አለኝ» ብለዋል። ሊብሬው በማን ስም ነው? በሻጩ ስም ከሆነ ሳያዛውሩ አይሂዱ። የግዥ ደረሰኝና የጉምሩክ ወረቀት ብቻ ካለዎት ሰሌዳ ሳይወጣ አይሂዱ። ባለትዳር ከሆኑና ሞተሩ በትዳር ውስጥ ከተገዛ፣ በክልሉ የቤተሰብ ሕግ ቁጥር 79/1995 መሠረት የጋራ ሀብት መሆኑ ይገመታልና ባለቤትዎ በውሉ ላይ ይፈርሙ። በብድር ከተገዛ የብድር ውሉ ቦታ መቀየርን ይከለክል እንደሆነ ያንብቡ። የሻጩ ዋስትናም በኪሎ ሜትር ብቻ ሳይሆን በጊዜም ስለሚያልቅ በጽሑፍ ይጠይቁ።

ኢንሹራንሱን በተመለከተ የእኔ ምክር ይህ ነው፦ ከላይ ያልኩት ሁሉ ተፈጽሞ ቁልፉ ከቤቱ ከወጣ ሊተዉት ይችላሉ። ቁልፉ እዚያው ከቀረ ግን አንድም ቀን ሳይቋረጥ ያድሱት፤ ወኪልዎ የሚያድስበትን ቀንና ገንዘብ ከአሁኑ ያስቀምጡ። ሲመለሱም ባትሪው ከመታሰሩ በፊት ኢንሹራንሱ ይገዛ።

የሊብሬውን ቅጂ፣ የግዥ ውሉንና የሚያረቁትን የአደራ ወረቀት ይዘው ከመሄድዎ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀደም ብለው ደብረ ማርቆስ ወይም ፍኖተ ሰላም ፈቃድ ያለው ጠበቃ ያማክሩ፤ እኔ ሰነዶቹን አላየሁም፣ የመለስኩትም በጻፉልኝ ልክ ነው። ሁለተኛው ቁልፍ የት እንዳለ ግን ዛሬውኑ ይፈልጉ።